ወንበሩ ባዶ ሲሆን ማን ይጠየቃል?

(ይህ ጽሑፍ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ የውይይት ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ትራፊኩን ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚነዱ መኪኖች ነው። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ልጆቻችሁን ያሳደጋችሁት መሪ ጨብጣችሁ ነው። ስለዚህ ነገሩ የእንጀራችሁ ጉዳይ ነው። እንጀራው ላይ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ አደጋ ልንገራችሁ። ዘለግ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ቀሪው ነገር ሁሉ እሱ ውስጥ ስላለ ታገሡኝ።

ማርች 18 ቀን 2018፣ እሑድ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ። ከተማው ቴምፒ ይባላል፣ አሪዞና ውስጥ ነው። አንዲት የ49 ዓመት ሴት ብስክሌቷን በእጇ እየገፋች ሰፊ መንገድ ታቋርጣለች። ብስክሌቱ ላይ ፌስታል አንጠልጥላለች። ያቋረጠችበት ቦታ ዜብራ የለውም። በዚያው መንገድ ኡበር የሚሞክረው አንድ ቮልቮ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ ይመጣል። የሚነዳው ሶፍትዌር ነው። የሹፌር ወንበር ላይ አንዲት ተቆጣጣሪ ሠራተኛ ተቀምጣለች።

የመኪናው ሴንሰሮች ሴትዮዋን ያዩዋት ከመግጨቱ 5.6 ሰከንድ ቀደም ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ 5.6 ሰከንድ። በዚያ ፍጥነት መቶ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እዚህ ያላችሁ ሹፌሮች በዚያ ርቀት ምን ማድረግ እንደሚቻል ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

መኪናው ግን ምንነቷን መወሰን አልቻለም። አንዴ ተሽከርካሪ ናት አለ፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት። ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ከዚያ በፊት ያየውን እንቅስቃሴዋን ይጥለውና እንደ አዲስ ይጀምራል። ወዴት እየሄደች እንደሆነ ማወቅ ያቃተውም ለዚህ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 የምርመራውን ውጤት ሲያወጣ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ነገረን። ሶፍትዌሩ ሰው ከዜብራ ውጭ ሊያቋርጥ ይችላል ብሎ እንዲያስብ አልተሠራም ነበር።

ይህን ሳነብ አዲስ አበባ ናት ፊቴ ላይ የመጣችው። መርካቶን አስቡት። ሜክሲኮን፣ መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት አስቡት። የእኛ ሰው የሚሻገረው መሻገር ሲኖርበት ነው። አሻጋሪ ድልድዩ ሩቅ ነው፣ ዜብራው ተፍቋል፣ ታክሲው ደግሞ እየሞላ ነው። እግረኛ በዜብራ ብቻ ይሻገራል ብሎ የሚያምን መኪና እዚያ አንድ ቀን አይውልም።

ምርመራው በዚህ አላበቃም። ቮልቮው ከፋብሪካ ሲወጣ አደጋ ሲመጣበት በራሱ ፍሬን የሚይዝበት ሥርዓት ነበረው። የኡበር ሶፍትዌር ሲነዳ ግን ያ ሥርዓት እንዲጠፋ ተደርጓል። መኪናው በረባ ባልረባው እየደነገጠ ፍሬን እንዳይይዝ ተብሎም የአንድ ሰከንድ መዘግየት ተጨምሯል። ቀደም ሲል መኪናው ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ይቀመጡ ነበር። ኩባንያው በ2017 ወደ አንድ ዝቅ አደረጋቸው። ያቺ አንዷ ደግሞ በዚያ ምሽት ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር።

ሴትዮዋ ሞተች። ማን ተጠየቀ?

አቃቤ ሕጉ በማርች 2019 ኡበርን በወንጀል የሚያስጠይቅ መነሻ የለም አለ። ተከሳሽ የሆነችው ወንበሩ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ናት። በ2023 ጥፋቷን አምና የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነባት።

ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም አልልም። ሥራዋ መንገዱን ማየት ነበር፤ አላየችም። ግን ፍሬኑ እንዲጠፋ የወሰነው ማን ነው? ያቺን አንድ ሰከንድ የጨመረውስ? ሁለተኛውን ሰው ያስወረደው? እነዚህ ውሳኔዎች የተወሰኑት ቀን በብርሃን፣ ቢሮ ውስጥ፣ ረጋ ባለ ስብሰባ ነው። ፍርድ ቤት የቆመው ግን በሰንሰለቱ መጨረሻ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ዛሬ ይዤ የመጣሁትም ይህንኑ ነው። ማሽኑ መሪውን ከሰው ሲረከብ ተጠያቂነቱንም የሚረከብ አካል በስሙ ተለይቶ መታወቅ አለበት።

ስለ እነዚህ መኪኖች ሥነ ምግባር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ሌላ ነገር ነው። ፍሬን ቢበጠስ መኪናው አሮጊቷን ይግጭ ወይስ ሕፃኑን? ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ በኢንተርኔት ለዓለም አቅርበው በ2018 ውጤቱን አሳትመዋል። ከ233 አገሮችና ግዛቶች 40 ሚሊዮን ያህል ምላሽ መጥቶላቸዋል። ጥናቱ ስለ ሰው ልጅ ብዙ ይነግረናል። ጀርመን በበኩሏ የሥነ ምግባር ኮሚሽን አቋቁማ በ2017 ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥታለች። አደጋ የማይቀር ቢሆን እንኳ በዕድሜ፣ በጾታ ወይም በአካል ሁኔታ ሰውን ከሰው ማበላለጥ ክልክል ነው ብላለች። በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ የሚገጥመው ስንቴ ነው? ቴምፒ ላይ አሮጊትና ሕፃን የሚያስመርጥ ነገር አልነበረም። የነበረው የጠፋ ፍሬንና የተቀነሰ ሠራተኛ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ኦክቶበር 2 ቀን 2023 ሰው የሚነዳው መኪና አንዲት እግረኛ ገጭቶ ሹፌር አልባ በሆነው የክሩዝ ታክሲ ፊት ወረወራት። የክሩዙ መኪና ፍሬን ቢይዝም ገጫት። እዚህ ድረስ ማንም ሹፌር ሊገጥመው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን መኪናው ዳር ልያዝ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ ሥሩ ነበረች። ስድስት ሜትር ያህል ጎተታት።

ሰው ቢሆን ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ ያያል። ካላየም አላፊ አግዳሚው ይጮህበታል፣ መስታወቱን ይደበድብለታል። ኩባንያው በበኩሉ የጎተታትን ነገር ለመንግሥት በግልጽ አላስታወቀም። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ መምሪያ በዚያው ወር ፈቃዱን አገደበት። ክሩዝ የተሳሳተ ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ በ2024 የ500 ሺህ ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል። ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሮቦት ታክሲ ሥራውን ዘጋው። እንግዲህ አስቡት። አደጋውን ያየው ካሜራ የኩባንያው ነው። ቪዲዮው ያለው ኩባንያው እጅ ነው። ምስክሩም ተከሳሹም አንድ ሲሆን እውነቱን የሚያወጣው ማን ነው?

አንድ ቀለል ያለ ምሳሌ ልጨምር። በሴፕቴምበር 2025፣ ሳን ብሩኖ፣ ካሊፎርኒያ። ትራፊክ ፖሊሶች ዋይሞ የተባለው የጉግል እህት ኩባንያ የሆነ አንድ መኪና ክልክል ቦታ ላይ ሲዞር ይይዙታል። ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ቅጣት ሊጽፉ አልቻሉም፤ ቅጹ ላይ ለሮቦት የሚሆን ቦታ የለም። እናንተ ብትሆኑ ቲኬቱ መስታወታችሁ ላይ ነው፣ ነጥቡ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ፣ ጭማሪው ኢንሹራንሳችሁ ላይ። ካሊፎርኒያ ይህን ክፍተት የሚደፍን ሕግ በ2024 አጽድቃ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ወስናለች። መኪኖቹ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት መንገድ ላይ ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የምንለው ይህንን ነው።

ብሪታንያ የተሻለ መንገድ ይዛለች። በ2024 ያወጣችው ሕግ መኪናው ራሱን እያሽከረከረ ባለበት ሰዓት ለአነዳዱ የሚጠየቀው ፈቃድ ያገኘው ኩባንያ ነው ይላል። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በአነዳዱ አይከሰስም። ነገሩ ይቻላል ማለት ነው። ፈቃደኝነቱ ነው የሚፈለገው።

አሁን ደግሞ ለመኪኖቹ የሚገባቸውን ልስጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። 92 በመቶው የሚሞተው ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ እንደኛው ባሉት። ማሽን አይሰክርም። አያንቀላፋም። ሚስቱ ጋር ተጣልቶ አይወጣም። ዋይሞ ስዊስ ሪ ከተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ25 ሚሊዮን ማይል ጉዞ የአካል ጉዳት ካሳ ጥያቄው ሰው ከሚነዳው በ92 በመቶ ያነሰ ነው ይላል። ጥናቱ የኩባንያው እጅ ያለበት መሆኑን አትርሱ። ቢሆንም ቁጥሩን ችላ ልል አልችልም። በሰካራም ሹፌር ልጁን ያጣ ወላጅ ፊት ቆሞ ይህ ቴክኖሎጂ ይቅር የሚል ሰው ሁለቴ ማሰብ አለበት።

ገና በ2015 አንድ ዓይነ ሥውር ሰው ኦስቲን ከተማ ውስጥ መሪም ፔዳልም በሌለው የጉግል መኪና ብቻውን ተጉዟል። ማንንም ሳይለምን፣ ማንንም ሳይጠብቅ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ማሽኑ ሁላችንንም እኩል ያየናል ወይ? በ2019 የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች በካሜራ ምስል እግረኛን የሚለዩ ሶፍትዌሮችን ፈትነው ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች በመለየት በኩል በአማካይ በአምስት ነጥብ ዝቅ ብለው አገኟቸው። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በ2023 ስምንት ሶፍትዌሮችን ፈትኖ ሕፃናትን የመለየት አቅማቸው ከአዋቂዎቹ በ20 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ ደረሰበት። የተፈተኑት ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት የኩባንያዎቹ ሥርዓቶች አይደሉም፤ ኩባንያዎቹ የራሳቸውን አያሳዩም። ላይዳር የሚባለው በጨረር ርቀት የሚለካው መሣሪያ ለቆዳ ቀለም ግድ የለውም። በካሜራ ብቻ የሚተማመን መኪና ግን ጥያቄው ይመለከተዋል። ይህ ፈተና ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በገለልተኛ አካል ይደረግ ማለት ለእኛ መብታችን ነው። የሚሻገሩት የእኛ ልጆች ናቸው።

ስለ ልጆች ካነሳን አይቀር፣ እነዚህ መኪኖች ሰውን ከብስክሌት፣ ብስክሌትን ከዛፍ መለየት የተማሩት ከየት ነው? አንዱ ትምህርት ቤታቸው አፍሪካ ነው። ቢቢሲ በ2018 እንደዘገበው ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራ የሚባለው የድሆች ሰፈር ወጣቶች በቀን ዘጠኝ ዶላር ገደማ እየተከፈላቸው ኮምፒውተር ላይ ምስል ያሰምሩ ነበር። ይሄ ሰው ነው፣ ይሄ መብራት ነው፣ ይሄ የመንገድ ምልክት ነው። ሹፌር አልባ በሚባለው መኪና ውስጥ የእነዚህ ልጆች ዓይን አለበት። በትርፉ ውስጥ ግን የሉበትም።

ወደ እንጀራችሁ ልመለስ።

የኒውዮርክን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሜዳልየን የሚባለው የቢጫ ታክሲ ፈቃድ በ2014 ገደማ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ከተማዋ ራሷ በጨረታ እየሸጠች ገቢ ሰብስባበታለች። አብዛኛው ገዢ ስደተኛ ነው። ቤቱን አስይዞ፣ ከባንክ ተበድሮ፣ የልጆቼ ውርስ ነው ብሎ ገዛው። ኡበር በ2011 ከተማዋ ገባ። በጥቂት ዓመታት የፈቃዱ ዋጋ ከ200 ሺህ ዶላር በታች ወረደ። ዕዳው ግን አልወረደም። በ2018 በርካታ ሹፌሮች ራሳቸውን አጠፉ። በ2021 ሹፌሮች ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ለ15 ቀን ምግብ አንቀምስም ብለው ከተቀመጡ በኋላ ነው ከተማዋ ብድሩ ወደ 170 ሺህ ዶላር ዝቅ እንዲል ተስማምታ ዋስ የሆነችላቸው።

ይህን ስናገር አንድ ልዩነት እዩልኝ። ኡበር ሲመጣ ብዙ የታክሲ ሹፌር አፑን ጭኖ ሥራውን ቀጠለ። ገቢው ቀነሰ፣ ሰዓቱ ረዘመ፣ ግን ሥራ ነበረው። አሁን የሚመጣው አፕ ሹፌር አይፈልግም። መኪናውን የሚያጥብ፣ ቻርጅ የሚያደርግ፣ ከሩቅ ሆኖ ስክሪን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ቁጥሩ ግን ከሹፌሩ ጋር አይወዳደርም።

ታክሲ ለእኛ ሰው ምን እንደሆነ ለፈረንጅ ማስረዳት ያስቸግራል። አገር ቤት መምህር የነበረ፣ መሐንዲስ የነበረ፣ እዚህ መጥቶ ወረቀቱ ተቀባይነት ሲያጣ ማንም ሳያሳፍረው የገባበት በር ነው። ቀን እየነዳ ማታ ተምሮ ነርስ የሆነ አለ። ለቅሶ ሲኖር አለቃ ሳያስፈቅድ መኪናውን አቁሞ ይሄዳል። አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ተራ እየጠበቀ የአንዱን ልጅ የኮሌጅ ፎርም ይሞላል፣ የሌላውን የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ያነባል። አዲስ የመጣ ሰው ቤት ኪራይ የሚያገኘው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ በየትኛውም ኩባንያ ሂሳብ ላይ አይታይም።

ተሳፋሪውም የሚያጣው ነገር አለ። አንዲት አሮጊት ከዲያሊሲስ፣ ከኩላሊት እጥበት ማለቴ ነው፣ ሲመለሱ አይታችኋል? ሹፌሩ ይወርዳል። ክንዳቸውን ይይዛል። ተደግፈው የሚሄዱበትን ዋከር አጥፎ ኋላ ይከታል። ቤት ሲደርሱ ደረጃውን አውጥቶ በሩ እስኪከፈት ይቆማል። ሮቦቱ በሩን ይከፍት ይሆናል። እሳቸውን አስፋልት ዳር ማን ይደግፋቸዋል? ዓይነ ሥውሩ ነፃነት ሲያገኝ ደስ እንዳለን ሁሉ፣ የእኚህን እናት ነገርም ሕጉ ሲወጣ ማሰብ ያስፈልጋል።

ዋይሞ በማርች 2025 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2026 አገልግሎት ለመጀመር ማቀዱን አስታውቋል። ይህን ሲያስታውቅ የከተማዋ ሕግ ወንበሩ ላይ ሰው እንዲኖር ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ሕጉ እንዲለወጥ ሄዶ መጠየቅ ነበረበት። ኩባንያው ጠበቃ አለው፣ ወትዋች አለው። ምክር ቤቱ ፊት ይናገራል። እኛስ?

እኔ ብጠየቅ የምለው ይህ ነው። መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኩባንያው በስሙ ይጠየቅ፣ ዝቅተኛ ሠራተኛ መከለያ አይሁን። አደጋ በደረሰ ቁጥር ቪዲዮው ሳይቆራረጥ ለመርማሪ ይሰጥ። ማሽኑ ሕፃንንና ጥቁር ሰውን በሌሊት ማየቱ በሌላ አካል ይረጋገጥ። ከእያንዳንዱ ሹፌር አልባ ጉዞ ላይ ትንሽ ክፍያ ተነሥቶ ሥራቸውን ለሚያጡ ሹፌሮች መማሪያና መቋቋሚያ ይዋል። በተለይ ለመኪናው ገና ዕዳ እየከፈለ ላለ ሰው። ዋከርና ዊልቸር ለያዘ ተሳፋሪ የሚወርድ ሰው ያለው አገልግሎት በሕግ ይጠበቅ። ከእነዚህ መካከል ለእኔ ትልቁ የመጀመሪያው ነው። እሱ ከተያዘ ሌላውን መጠየቅ ይቻላል፤ የምትጠይቀው ሰው አለና።

እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ ምክር ቤቱ ፊት ከመናገር እንዳትቀሩ። ይህች ከተማ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፤ አማርኛም ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ። መናገር የማይሆንላችሁ በጽሑፍ መስጠት ትችላላችሁ። በሩ ጋ ወረቀት አለ። ስማችሁንና የነዳችሁበትን ዓመት ብዛት ጻፉልኝና ምስክርነቱን ቁጭ ብለን አብረን እናዘጋጃለን።